ሰውየው ገና አልጨረሰም

አጎቴን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ሸክላ ከፍተው ሲያዳምጡ ማንም ከወንበሩ እንዲነሳ አይፈቅዱም። የዕድር ሰው ቢመጣ፣ ስልክ ቢጠራ መልሳቸው ያው ነው፦ «ቁጭ በል፤ ሰውየው ገና አልጨረሰም።» ፒያሳ ባንድ ልናይ ስንሄድም፣ ሳክስፎኑ ሳያበቃ ጃኬቱን የሚለብሰውን ሁሉ በግልምጫ ያነሱት ነበር።

ያረፉት ዶሮ ማነቂያ ባለችው ክፍላቸው፣ ሸክላ እየሰሙ፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ነው። ቀድማ የደረሰችው አክስቴ «ሰው ሞቶ ዘፈን!» ብላ ጮኸችና መርፌውን መንጭቃ አነሳችው። ሸክላው ሲጫር ተከትለናት የገባነው ሁላችንም ሰማን። ማንም ምንም አላላትም። ሐዘን ቤት ዘፈን ነውር ነዋ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድንኳኑን የሞሉት ዘመዶች ጋሼ በሕይወት ሳሉ አንድ ዘፈን እንኳ አብረዋቸው ሰምተው አያውቁም። አሁን ግን ሦስት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለው ስለ ቦታና ስለ መኪና ዋጋ አወሩ። አንዱ «ሙዚቃ ይወዱ ነበር አይደል?» አለኝ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። ከዚያ ነጠላቸውን እያራገፉ ሄዱ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ያንኑ ሸክላ ከፈትኩት። ዘፋኙ ጭረቱ ጋ ሲደርስ ተሰናከለ። አንዲቷን ስንኝ መላልሶ ይላታል እንጂ ወደፊት አይሄድም። ሲያቅተኝ ላጠፋው ብድግ አልኩ።

ቁጭ በል የሚለኝ ጠፋ።