የ«ኢላህ» ብዙ ቁጥር

ኬሪያ ወታደር ባሏን ተከትላ ነው ከደሴ ጅግጅጋ የመጣችው። እሱ ሲሞት አልተመለሰችም፤ ከአባቷ የተማረችውን የዐረብኛ ሰዋስው ይዛ በሰፈሯ መድረሳ ሴቶችን ታስተምር ጀመር። አስተማሪነቷን ሁሉም ያከብርላታል እንጂ እሷን የሚወዳት ጥቂት ነበር። የተሳሳተን ሰው፣ ማንም ይሁን፣ እዚያው ታርመዋለች። የመድረሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ፋሩቅ በአንድ የምረቃ ቀን ቁርኣን ሲያነብ መርዘም ያለባትን አንዲት ፊደል ቢያሳጥር ከሴቶቹ ወገን ሆና አረመችው። ሰው ሳቀ። ፋሩቅ ያን ሳቅ ቂም አድርጎ ያዘው።

በ2013 ጥቅምት ላይ «ኢላህ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፈች፤ አምላክ ማለት ነው። ሁለት ሲሆን ኢላሃኒ፣ ሲበዛ ኣሊሃ፣ ለሴት ኢላሃ እያለች አረባችው። አላህ የሚለው ስም ግን እንደማይበዛ፣ ለሴትም እንደማይለወጥ አስረዳች። ከተማሪዎቿ አንዷ፣ የፋሩቅ የወንድም ልጅ ሀምዲያ፣ ሰሌዳውን በስልኳ አነሳችው። በማግስቱ ፎቶው «ኡስታዛዋ ብዙ አማልክት ታስተምራለች» ተብሎ በሰፈሩ ቴሌግራም ዞረ። ትናንት እጇን ይስሙ የነበሩ እናቶች መንገድ ቀየሩባት።

አርብ ከሰዓት፣ አስር ከሚባለው ሶላት በኋላ፣ ኮሚቴው ጠራት። ፋሩቅ ፎቶውን እያዞረ አሳየ። ኬሪያ አልተከራከረችም፤ አዛውንቱን ሐጂ ዐብዲወሃብን ከቁርኣን ሱረቱል አንቢያ አንቀጽ ሃያ ሁለትን እንዲያነቡላት ብቻ ለመነች። አነበቡና አንቀጹ ውስጥ ያለው ቃል ኣሊሃ መሆኑን ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ከአላህ ሌላ አማልክት ቢኖሩ ሰማይና ምድር በተበላሹ ነበር ነው የሚለው» አለች። «ብዙ ቁጥሩን የማታውቅ ሴት፣ አንቀጹ የለም የሚለውን በምን ትወቀው?»

ፋሩቅ ቀና ብሎም አላያት። «ሴቶቹ ማንበብ ይበቃቸዋል። ሰዋስዉን ተይና ቀጥይ።»

ሐጂ ቁርኣኑን ዘግተው ዝም አሉ። 

«ስህተት አላገኛችሁብኝም። አልተውም» አለችና የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

ፎቶውን ያጠፋው የለም፤ ዛሬም እዚያው ቴሌግራም ላይ አለ። ኬሪያ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ከጅግጅጋ ውጭ ወዳለችው ቱሊ ጉሌድ እየሄደች፣ ማርዎ የምትባል መበለት ቤት ዘጠኝ ሴቶች ታስተምራለች። ባለፈው ዓመት ሐጂ ዐብዲወሃብ መናኸሪያው ላይ አግኝተዋት፣ ያን ቀን እውነቱ ከእሷ ጋር እንደነበር ሹክ አሏት።

«እኔም ዐውቅ ነበር» አለቻቸው። «እርስዎ መናገር የነበረብዎት ያኔ ነው።»

መልስ ሳትጠብቅ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።