የልጄን ምራቅ ሲጠይቁኝ

ልጄን ዓይኗን መስበር ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ገና ድክ ድክ ስትል ነው የጀመርኩት። የሰው ሕፃን ካየሽ ዞር በይ፤ «ሲያምር!» እንዳትዪ፤ ሰው ሲበላ በር ላይ አትቁሚ፤ ወተት ሲናጥ ከዚያ ቤት ውጪ። ሌላዋ እናት ልጇን «እሳት አትንኪ» ትላለች፤ እኔ «ሰው አትመልከቺ» እል ነበር።

ባሌ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ቤታችን መቱ ውስጥ፣ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ወናፉ ከቤቱ ጀርባ ነው። እዚህ አገር ቀጥቃጭን ቱምቱ ይሉታል። ቱምቱ ካሉ ደግሞ ቡዳ ማለታቸው ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። በዚህ ሰፈር ቡና ሥር አረም የሚታጨድበት ማጭድ ሁሉ የባሌ እጅ ሥራ ነው። ማጭዱን ይገዛሉ፣ ውኃችንን ግን አይጠጡም። አንድ ደንበኛ አለ፣ በመጣ ቁጥር ስለቱን በአውራ ጣቱ እየሞከረ «ይኼ እንደ ዓይንህ ይቆርጣል?» ይለዋል። ባሌም «ዓይኔማ ደንዟል፣ ይልቅ ማጭዱን ውሰድ» ይለዋል። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ አልስቅም።

የማልስቀው ያየሁትን ስላየሁ ነው። ሙሽራ ሆኜ ሁሩሙ ስንኖር ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ነበረችን። የአንድ ሰው ልጅ ታመመና እሷ በላችው ተባለ። ቡዳ የበላው ሰው፣ ቡዳው ራሱ ካልተፋበት አይድንም ነው የሚሉት። ጎትተው ወስደው አስተፏት። ልጁ ዳነ። «አያችሁ!» አሉ። ባይድንስ? «ጨርሳው ነው» ሊሉ ነበር። በየት በኩል ልትወጣ ነው? ከዚያ ወዲያ ላም ብትነጥፍባቸው እሷ፣ ቅቤ አልወጣ ቢላቸው እሷ። አንድ ጠዋት ቤቷን ክፍት ትታ ሄደች። የት እንደገባች እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

እና መቱ ላይ፣ አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ትንሹ ልጇ፣ ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለ ሕፃን፣ ልጄን ወደዳት። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣል። እመልሰዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። እናቱ «እትዬ፣ ተዉት እስቲ፤ እሷ ጋ ሲሆን አያለቅስም» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም ፈራሁት። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አዝላው ትዞራለች። ስታወርደው ፊቱን አታየውም፣ እንዳስተማርኳት። እሱ ግን አገጯን በትንሽ እጁ ይዞ ወደ ራሱ ያዞራታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሕፃኑ ታመመ። ያቃጥለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። የአባቱ እናት ከሶር ወንዝ ወዲያ ካለው ገጠር መጡ። ያን ቀን ባሌ ጎሬ ገበያ ወጥቷል፤ እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። የአሮጊቷ ድምፅ በአጥሩ ይሰማኛል። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ወቅጠው አፍንጫው ላይ እየያዙ «ማነው የበላህ? ተናገር! ማነው?» ይሉታል።

እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። በሆዴ «እማዬ በል» አልኩት፣ «ልጅ አይደለህ? እማዬ በል።»

የልጄን ስም ጠራ። ሙሉውን አይችለውም፤ መጀመሪያውን ይውጠዋል። ሲርበው እንደሚጠራት፣ ሲወድቅ እንደሚጠራት፣ ልክ እንደዚያ ጠራት።

«ማል ጄዴ?» አሉ አሮጊቷ፤ ምን አለ? ሕፃኑ ደግሞ ጠራት። «የቱምቱው ልጅ ናት» አለ አንድ ሰው።

ልጄን ጓዳ አስገብቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አሮጊቷ ከፊት፣ ጎረቤቴ ልጇን ታቅፋ ከኋላ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ዣንጥላ የያዘ የሰፈር ሰው መጣ።

«ልጅቱን አውጪልኝ።»

«አኮ፣» አልኳቸው፤ እዚህ አያትን እንዲያ ነው የምንለው። «አኮ፣ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ወባ ይሆናል።»

«ወባ ስም ጠርቶ ያውቃል? ትውጣና ትትፋበት፣ አበቃ። ክፉ አናደርጋትም።»

ጎረቤቴን አየኋት። «እትዬ፣ ምን አለበት?» አለች እያለቀሰች። «ምራቅ እኮ ነው። ምራቅ ብቻ ነው።»

ምራቅ ብቻ! ብትተፋና ቢድን፣ ልጄ ዕድሜ ልኳን ቡዳ ናት። ባትተፋና ቢሞት፣ ገዳይ ናት። የሕፃኑ አንገት በእናቱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እሱም ልጅ ነው፣ እኔም ጭን ላይ ተኝቶ ያውቃል። ጊዜው ደግሞ ያልቅበታል።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ወደ ኋላ ሸሹ። ጎረቤቴ ልጇን ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው። እስከዚያች ደቂቃ ከልቧ አላመነችም ነበር መሰለኝ፤ አሁን አመነች።

«እተፋበታለሁ» አልኩ። «ግን እዚህ አይሠራም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ነው የሚለቀው። ባጃጅ ጥሩ።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እንዲህ ያለ ሕግ የለም፣ ሰምቼም አላውቅ። ግን አንድም ሰው «ለምን?» አላለኝም። ቡዳ ስለ ራሱ ሲናገር ማን ይጠራጠራል?

ባጃጁ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ጥግ ይዤ ሄድኩ። ሾፌሩ መስተዋቱን ወደ ጣሪያው አዞረው፣ ዓይኔን እንዳያይ። በሩ ላይ ስንደርስ በሕፃኑ ግንባር ላይ እትፍ አልኩ። ትኩሳቱ ከንፈሬን ፈጀኝ። ይዘውት ገቡ።

ደሙ ሲታይ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጠው፣ ዳነ። መቱ ላይ ግን ስለ ወባ ያወራ ሰው አልገጠመኝም። ያዳነው ምራቄ ነው። የአጥሩ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተመታ።

ባሌ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ ነው የገባው። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ምነው እኔን ብትዪ? እኔ እንደሁ ለምጄዋለሁ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ «ይኼ ነገር በዘር ነው ይላሉ እኮ፤ እናቷ ከሆነች…» አለ። እንዲጨርስ አልፈቀድኩለትም። ሁሉን ያሰብኩ መስሎኝ፣ ያላሰብኩት እሱን ነበር።

በማግሥቱ ለልጄ ምሳ አቀረብኩላት። ትምህርት ቤት አልሄደችም።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«ትናንት ያልሽው…»

«ውሸት ነው። አንቺን እንዳይነኩብኝ ነው።»

«እሺ» አለች።

ጎረሰች። በአንድ ቀን ጉንጯ የገባ መሰለኝና ትኩር ብዬ አየኋት። ቀና ሳትል፣ እንዳላውቅባት እየተጠነቀቀች፣ ሳህኗን ከዓይኔ በመዳፏ ጋረደች።