የማንኪራው ፈርን ሰብሳቢ

ከሌላ ክልል ተመድቤ ቦንጋ ስገባ፣ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ክፍል የሚመራው ሰውዬ ገና ሰላም ሳይለኝ «የጫካ ሥራ ትችያለሽ ወይስ ፎቶ ልትነሺ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጠማመድን።

በክረምት ብቻዬን ማንኪራ ጫካ ላከኝ። ከወንዙ ማዶ አንድ ያረጀ ዋንዛ ላይ አይቼው የማላውቀው ፈርን በቅሏል። ፈርን አበባ የለውም፤ የሚለየው ከቅጠሉ ጀርባ በተደረደሩት ቡናማ ነጠብጣቦች ነው። ግንዱን ስቧጥጥ ጉልበቴ ተላጠ፣ ጉንዳን እስከ አንገቴ በላኝ፤ ከነሥሩ አወረድኩት። ቦንጋ ዝናቡ አላባራ ስላለ፣ እንዳይሻግት በጋዜጣ መሃል አስቀምጬ በየቀኑ ጋዜጣውን እየቀየርኩ አደረቅሁት። ከዚያ ወረቀት ላይ ለጥፌ፣ የት እንደተገኘ ዘርዝሬ፣ ሰብሳቢ በሚለው ቦታ ስሜን ጽፌ አስረከብኩት።

በማግስቱ ሳየው የእኔን ጽሑፍ ቀዶ በራሱ ተክቶታል። ዝርዝሩ የለም፤ ሰብሳቢው እሱ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የክፍሉ ናሙና ነዋ» አለ ቀና ሳይል።

«ለመሆኑ ማንኪራን ረግጠው ያውቃሉ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!»

ደሜ ፈላ። ለበላይ ባመለክት «ተስማሙ» ብለው መለሱኝ። ናሙናው በእሱ ስም ለምዝገባ አዲስ አበባ ሄደ። የክፍሉንም ቁልፍ ቀማኝ፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ እሱን እጠብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተደወለለት። ፈርኑ ምን ዛፍ ላይ እንደበቀለ፣ እርጥብ ሳለ ምን እንደሚመስል ጠየቁት። ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

«ዛፉ ምን ነበር?»

«ሰብሳቢውን ይጠይቁ።»

«አሁን የቂም ጊዜ ነው?»

«ለእኔ ነው።»

መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው። እስከ ምሳ ድረስ እየተንጎራደደ ምቀኛ አለኝ፣ ባለጌ አለኝ። እኔ ጋዜጣዬን ማጣጠፌን ቀጠልኩ። ቢቸግረው ደውሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሰብሳቢዋ እሷ ናት» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ዋንዛውንም፣ በፈርኑ ሥር ላይ የነበረውን ወርቃማ ጠጉርም ነገርኳቸው። መዝገቡ በስሜ ተስተካከለ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም አልምረውም ነበር። ዛሬም እዚያው ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንሠራለን። ስገባ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል። እኔም መስኮቱን እበረግደዋለሁ፤ ብርድ እንደማይወድ አውቃለሁ።