በጣሳ ውሃ የተፈተንኩበት ክረምት

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ሸማ የምሠራው ሽሮ ሜዳ፣ ባልንጀራዬ ቤት ነው፤ ሁለት ጉድጓድ ቆፍረን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ያናድደኛል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን መርገጫ በእግርህ ካልረገጥክ ድሩ አይከፈትም።

ሰኔ ላይ ቀበሌው በር አጠገብ ለሃጩን የሚያዝረበርብ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። በየቀኑ ሆዴ ላይ መርፌ እንድወጋ ታዘዘ። አሥራ አንደኛውን ተወግቼ ስመለስ ሁለቱም እግሮቼ የሌላ ሰው መሰሉኝ፤ በማግስቱ ጭራሽ አልታዘዝ አሉኝ።

ሐኪሙ፣ "ይሄ ከውሻው አይደለም፣ ከመርፌው ነው። አልፎ አልፎ ነርቭ ይነካል። ብዙው ሰው ይሻለዋል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም" አለኝ። መርፌው ቆመ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ፤ መርፌውንም አልረግመውም። በዚያው ውሻ የተነከሰ አንድ ዘበኛ አልወጋም ብሎ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ውሃ እየሸሸ ሞተ።

ከቀብሩ መልስ ሰፈሩ ወደ እኔ ዞረ። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ውሃ ይፈራል ብለው ጠዋት ጠዋት አንዱ በጣሳ ውሃ ይዞ ደጃፌ ላይ ይቆማል። ስለ መርፌው ባስረዳ ማን ሊሰማኝ! ጣሳውን በእንጨት ገፋ ያደርግልኛል፣ እጠጣለሁ፣ "ተመስገን" ብሎ ይሄዳል። ምሳዬንም ደፍ ላይ ትተውት ይሸሻሉ፤ በክንዴ እየተሳብኩ እወስዳለሁ። ቆሽቴ እያረረ እጠጣ ነበር፤ እምቢ ብል አበደ መባሌ ነው።

የምጠብቀው ባልንጀራዬን ነበር። እሱ ገብቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ የሌላው ግድ አልነበረኝም። አንድ ቀን መጣ፣ ጣሳ ይዞ።

"ወንድሜ፣ በሞቴ ጠጣልኝ" አለኝ፣ ከደፉ ሳያልፍ።

እያየሁት ጨረስኩት። "በል እንግዲህ ግባ" አልኩት።

"ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት" ብሎ ሄደ። ያን ቀን እንደ ልጅ አለቀስኩ።

መስከረም ላይ የእግሬ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ከወራት በኋላ በዱላ ቆምኩ፤ በመጨረሻም ወደ ጉድጓዴ ወረድኩ። መርገጫውን ስረግጠው ድሩ ተከፈተ። ባልንጀራዬ አቅፎ ሳመኝ፣ እንደ ድሮው አጠገቤ ተቀመጠ፣ ከአንድ ትሪ በላን። ወደ ሥራ እንደተመለስን ውሃ ጠማኝና ብርጭቆ አነሳሁ። በድሩ መሃል ሲመላለስ የነበረው የእሱ መወርወሪያ ቆመ። ዞር ስል ጉሮሮዬን እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ጎን ለጎን ሠርተናል። ውሃ ሲጠማኝ ግን ደጅ ወጥቼ ነው የምጠጣው።