አራስ ጥየቃ ከላፕቶፕ ጋር

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ለአባቷ ትቼ ከየካ አባዶ ተነሣሁ። የምሄደው እንጦጦ ሥር የምትኖረው ባልደረባዬ ሂሩት ወልዳ፣ ልጠይቃት ነው። ይህ ግን ግማሹ እውነት ነው። ጉርድ ሾላ ባለው የሕንፃ ንድፍ ቢሯችን የክፍሏ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ሥራ አስኪያጁ ዓርብ ማታ ጠርተው፣ «እግረ መንገድሽን ላፕቶፗን አድርሺላት። የትምህርት ቤቱን ንድፍ እቤቷ ሆና ትጨርስልን» ብለውኛል። ሂሩት ከወለደች ወር እንኳ አልሞላትም።

ሾላ ገበያ

አጃና ቅቤ ገዛሁ። የቅቤውን ዋጋ በደንብ የሰማሁ ስላልመሰለኝ ሻጯን ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያው ነው። ላፕቶፑን ከዘንቢሉ ሥር አጋድሜ አጃውን ከላዩ ጫንኩበት። በእጄ ይዤው ለመግባት አፍሬ ነበር።

ከፈረንሳይ በላይ

ታክሲ ቀያይሬ ፈረንሳይ ሰፈር ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ ኮብልስቶኑ ያልቅና ባሕር ዛፉና ዳገቱ አብረው ይጀምራሉ። ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ጉልበቱ የሚታወቀው እዚህ ነው። ቁልቁል የሚወርዱ አንድ አዛውንት «አይዞሽ፣ ደርሰሻል» አሉኝ። ገና ነበርኩ።

የሂሩት እናት እማማ ዘነቡ በር ላይ ተቀበሉኝና ዘንቢሉን ከእጄ ወሰዱ። የጠያቂን ዕቃ ባለቤት ተቀብሎ እንደሚያራግፍ እንዴት እንደረሳሁት እንጃ። «ከፀሐይ መጥተሽ አራስ ጋ ወዲያው አይገባም፤ በረድ በይ» ብለው በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ። ላቤ ሳይደርቅ ድምፃቸው ከውስጥ ተሰማ።

«ሂሩቴ፣ ይሄ ከአጃው ሥር ያለው ኮምፒውተር የማን ነው?»

ስገባ ሂሩት ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ላፕቶፑን አውቃዋለች፤ ክዳኑ ላይ ራሷ የለጠፈችው አበባ አለ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልኳት።

«አሜን» አለችና ነፃውን እጇን ዘረጋች። «አምጪው በቃ። ሥራዬን ከማጣ ይሻለኛል።»

«ሥራ ታጫለሽ ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም አላለኝም። ግን ፈቃድ ወጥቶ ሲመለስ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞ የጠበቀው አይቻለሁ።»

«አልዋሽሽም፣ ሥራ አስኪያጁ ልከውኝ ነው። አሁን ግን ይዤው እመለሳለሁ። ፈቃድሽን ጨርሺ፤ ወንበርሽን ማንም አይነካውም።»

«እሳቸውስ?»

«ለእሳቸው እኔ አለሁ።»

እማማ ዘነቡ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ገንፎ አቅርበው፣ «ብዪ፣ ዳገት ወጥተሻል» ብቻ አሉኝ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ገንፎ ትዝ አይለኝም።

ቤት

ከሰዓት በኋላ የካ አባዶ ስደርስ፣ ቤት ሳልገባ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ።

«ታዲያ ማን ይጨርሰው?» አሉ።

«እኔ» ማለት ልማዴ ነው፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ግን በሩን ከፍታ «እማዬ፣ ግቢ እንጂ» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች።

«የማስረከቢያው ቀን ይገፋ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለደንበኛው አንቺ ትነግሪያለሽ።»

«እሺ» አልኩ። ሰኞ የሚጠብቀኝን ቁጣ ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ኃላፊነት የታዘዙትን ማድረስ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳላደርስ በመመለሴ ደስ ብሎኛል። ለሂሩት «የላፕቶፑ ነገር አልቋል፣ አታስቢ» ብዬ ጻፍኩላት። መልሷ ወዲያው መጣ፦ «ሕፃኑ ተኝቷል። አሁን እኔም እተኛለሁ።»