ኮማንደር ኃይሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን ይመጡ ነበር?

ኮማንደር ኃይሉ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ቶሮንቶ ዐርፈዋል። ብዙዎቻችሁ በደግነታቸው ታውቋቸዋላችሁ። እኔ ግን እስከዚህ ሳምንት ድረስ የማውቃቸው በጥርጣሬ ነበር፤ ይህን ሸሽጌ ብጽፍ መታሰቢያ አይሆንም።

በወጣትነታቸው ምጽዋ ገብተው ባሕረኛነት ተማሩ፤ ማዕረግ በማዕረግ አድገውም የአንዲት ቃኚ መርከብ አዛዥ ሆኑ። ወንድሜ መስፍን በዚያችው መርከብ ያገለግል ነበር። ጦርነቱ ወደቡ ድረስ ሲደርስ መርከቧ ወደ የመን ተሻገረች፤ መስፍን አልተሻገረም። የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ኮማንደር ከስደተኞች ካምፕ ወደ ካናዳ በመጡ ጊዜ አፈላልገው ስካርቦሮ ያለው አፓርትመንታችን ድረስ መጡ። እኔ የሥራ ሺፍት ላይ ስለነበርሁ ያገኙት እናቴን ነበር። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። እናቴን ሐኪም ቤት ያደርሳሉ፤ አስቤዛ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ባሱ በበረዶ ሲቆም የቀረውን መንገድ በእግራቸው ይጨርሱታል። ወይ ጉድ! ዘመድ እንኳ በስልክ ብቻ በሚጠያየቅበት ከተማ ባዳ ሰው እንዲህ የሚሆነው በደኅናው ነው? ነገሩ ፈጽሞ አልጣመኝም።

አንድ ቀን ኖርዝ ዮርክ፣ በጥገና ኃላፊነት ወደሚሠሩበት ሕንፃ ሄድሁ። ለመሰለል ነው እንጂ ለሰላምታ አልነበረም። የሕንፃውን ማሞቂያ ቦይለር አይተው ሲወጡ አገኘኋቸው። አንድ ሽማግሌ ተከራይ ቤት ሙቀት መኖሩን ሊያዩ እየሄዱ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ቤቴ ቀዘቀዘ ብለው አልደወሉም። «የሚጮኸው ተከራይ ደኅና ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ዝም ያለው ነው» አሉኝ።

እዚያው ኮሪደር ላይ አፋጠጥኋቸው። «ኮማንደር፣ መርከቡ ሲነሣ መስፍን የት ነበር?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «እናትሽን ጠይቂ» አሉ።

«እናቴ ምን ያውቃሉ? አዛዡ እርስዎ ነበሩ!»

«እናትሽን ጠይቂ፣ እኅቴ።»

ጠየቅኋቸው። እናቴ «አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ሁለቱንም መጠርጠር ጀመርሁ።

ማክሰኞ መርዶውን ሳረዳቸው እናቴ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ትንሽ ሲረጋጉ ያን ሁሉ ዘመን የያዙትን አወጡት።

«መጀመሪያ እቤታችን የመጣ ዕለት ነው የነገረኝ። መስፍን ወደ መርከቡ እየሮጠ ሲመጣ በዓይኑ አይቶታል። መርከቡ ቁስለኛ ሞልቶበታል፤ ጥይቱ ይዘንባል። ገመዱን ፍቱ ብሎ መርከቡን ያስነሣው ኃይሉ ራሱ ነው። ‹እማማ፣ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ› ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔም ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ና፤ ልጄ ቢኖር የሚያደርግልኝን አድርግልኝ› አልሁት።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ታባርሪብኝ ነበራ!»

ኮማንደር፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኔ ግን አንጀቴን አላራሰውም። ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እዋሻለሁ። ወንድሜ እየሮጠ ነበር፣ እርስዎም አይተውታል፤ ይህን ገና አልቻልሁትም። መርከቡ ውስጥ የነበሩት ቁስለኞች እናት እንዳላቸውም አውቃለሁ። ከዚህ የበለጠ ዛሬ ልሰጥዎ የምችለው የለኝም።

ትናንት ለቅሶ የደረሰች ሴት «ምንሽ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ቀደሙኝና «ወንድሟ ነው» አሏት። አላረምኋቸውም። ደኅና ይሁኑ፣ ኮማንደር።