እምቢ ያለው ላይተር

በአንድ ላይተር የተነሳ ቡታጅራ ውስጥ ያልሰደበኝ ደንበኛ የለም። እኔም አፌን ዘግቼ አላሳለፍኳቸውም።

ጅምላ ሻጩ ነው ያመጣልኝ። ብልጭታ ለማውጣት የምትሽከረከረው ጥርስ ላይ ስስ ብረት ተደርጎበታል፤ አውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ ካልተጫነው አይበራም። ውጭ አገር ሕፃን ልጅ ሊያበራው የሚችል ላይተር መሸጥ በሕግ ክልክል ነው አለኝ። ደስ አለኝ። የበኩር ልጄ ክንድ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ በየቀኑ የማየው እኔ ነኛ!

ደንበኞቼ ግን ተበላሽቷል እያሉ ይመልሱት ጀመር። ሌሎች ባለሱቆች ብረቷን በቢላ ነቅለው ይሸጣሉ። እኔ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ከሁሉም የባሱት ከሱቄ ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ ነበሩ። ቤታቸው ሳር ክዳን ነው፤ አራት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ሁለቴ መለሱልኝ፣ ሁለቴም ፊታቸው አብርቼ ሰጠኋቸው። በመጨረሻ ብረቷን አልነቅልም ስላቸው ልብሽ ክፉ ነው ብለው፣ ሁለተኛ ደጄን እንደማይረግጡ ምለው ሄዱ። የራስዎ ጉዳይ አልኩ በሆዴ። ቆይቶ ግን ከፋኝ፤ ደግ ጎረቤት ነበሩ።

ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ብቻዋን መጣች። ተንጠራርታ ላይተሩን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። አውራ ጣቷ ቀልቷል፤ ፀጉሯ ላይ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተሰክቷል።

«ይሄ አይሠራም» አለችኝ ልክ እንደ አያቷ ተቆጥታ። «ቀይሪልኝ።»

የት እንደሞከረችው ጠየቅኋት። ጓሮ፣ ቅጠሉ ውስጥ ተደብቄ አለች። ያ ለማገዶ የተከመረ ደረቅ ቅጠል ከሳር ክዳኑ ሥር ነው።

አቅፌያት ወደ አያቷ ሮጥኩ። ላይተሩን መዳፋቸው ላይ አድርጌ የነገረችኝን ነገርኳቸው። አብረን ጓሮ ዞርን፤ የተቀመጠችበት ቦታ ክምሩ መሃል ጎድጉዷል። ሽማግሌው ቀና ብለው ክዳኑን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አልሐምዱሊላህ ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን አላስቻለኝም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ መሐላቸው ሁለት ቀን ብቻ ነው የቆየው። ሰኞ ደጄ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለሌላው ልጄ ቤትም ያንን እምቢተኛውን ስጪኝ» አሉ። «ብረቱን እንዳትነኪው።»

ዛሬም ምድጃቸውን ለማቀጣጠል ጣታቸው ሲያቅተው ይጠሩኛል። እየተነጫነጭኩ ሄጄ አበራላቸዋለሁ።